ከ18 ማዞሪያ ሳንርቅ፦ የሁለት ቀን ሽርሽር ለጾመኛ ቤተሰብ

ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት በኮልፌ 18 ማዞሪያ ብዙ ቤት ውስጥ የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። አባወራው ከሥራ ገብቶ ጋደም ይላል። ልጆች ስልክ ይዘው በየጥጋቸው ይቀመጣሉ። እናት ደግሞ ከዐስር ሶላት ጀምሮ ሳምቡሳ ታጥፋለች፣ ሾርባ ታማስላለች፣ ቴምር ታጥባለች፣ ጭማቂ ትጨምቃለች። አዛን ሲሰማ ሁሉም ማዕድ ላይ ሲሆን እሷ ገና ማጀት ናት። ቅዳሜና እሑድ ሲመጣ ደግሞ ለሌላው የዕረፍት ቀን ነው፤ ለእሷ ግን እንግዳ የሚበዛበት፣ ድስቱም የሚበዛበት ቀን ነው።

ሽርሽር የሚባለውን ነገር ከረመዳን ጋር የምናያይዘው ጥቂቶች ነን። ሽርሽር ሲነሳ ሐሳባችን ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ኪሱ የፈቀደለት ደግሞ ወደ ዱባይ ይሄዳል። የጾሙ ወር እስኪያልፍ እንጠብቃለን፤ ዒድ ሲመጣ ግን ዘመድ ጥየቃው፣ የልብሱ ወጪና የበጉ ዋጋ ተደራርበው ሽርሽሩን ያስረሱናል። እንዲህ እያልን ልጆቻችን አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ከ18 ማዞሪያ ውጭ የሚያውቁት መንገድ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ከከተማ ሳይወጡ፣ ጾሙን ሳያከብዱ የሚደረግ የሁለት ቀን የቤተሰብ ሽርሽር እናቅዳለን። ዕቅዳችን ሦስት ነገሮችን ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ ሶላት በሰዓቱ ይሰገዳል። ሁለተኛ፣ የጾመኛውን ጉልበት ያገናዘበ ይሆናል። ሦስተኛና ዋናው፣ እናት ቢያንስ አንድ ምሽት አዛን ሲል ከቤተሰቧ ጋር ተቀምጣ ትገኛለች። ይህን የማያሟላ ሽርሽር ለእሷ የቦታ ለውጥ ብቻ ነው።

የትኛውን ሳምንት እንምረጥ?

የመጨረሻዎቹን አሥር ሌሊቶች ለሽርሽር አንነካቸውም። ለይለቱል ቀድር የሚፈለግባቸው፣ ኢዕቲካፍ የሚገባባቸው ቀናት ናቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ሰውነት ጾሙን የሚለማመድበት፣ ራስ ምታቱም የሚበረታበት ነው። ስለዚህ የሚመቸው የሁለተኛው ወይም የሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ያለው ቅዳሜና እሑድ ነው።

በሰዓት በኩል አገራችን ታድላለች። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ የቀንና የሌሊት ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። በሰሜን አውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን በበጋ ረመዳን ሲገጥማቸው ከአሥራ ስምንት ሰዓት በላይ ይጾማሉ፤ እኛ በየትኛውም ወር ቢመጣ ከአሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል ብዙ አንርቅም። በየካቲትና በመጋቢት መግሪብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጥቂት ደቂቃ አልፎ ይገባል። የሽርሽራችን ሰዓት ሁሉ የሚለካው ከዚህች ደቂቃ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው።

አንዳንድ ልጆች "መንገደኛ ስለሆንን መብላት ይፈቀድልናል?" ብለው ይጠይቃሉ። ከ18 ማዞሪያ ፒያሳ መሄድ ሙሳፊር አያሰኝም፤ የራስ ከተማ ነው። ለአቅመ ጾም ያልደረሱ ሕፃናት ግን ምሳቸውን በዕቃ ይዘን እንወጣለን። ግማሽ ቀን የሚለማመዱትንም ከሌላው ጋር አናወዳድራቸው። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ትልቅ ሰው ካለ ሐኪሙን ቀድሞ ያነጋግር፤ በሽርሽሩ ቀን ሐኪሙ ካዘዘው ውጭ "ዛሬስ ልሞክረው" ማለት አይገባም።

ሐሙስ ማታ፦ ዕቅዱ ከማጀት ይጀምራል

ሽርሽሩ የሚበላሸው መንገድ ላይ ሳይሆን ማጀት ውስጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለመውጣት ታስቦ እናት ከሱሑር በኋላ ሳትተኛ ለማታው ስትከትፍ ካደረች፣ መርካቶ ስትደርስ እግሯ አይሸከማትም። ስለዚህ ሥራው ሐሙስ ማታ ከተራዊሕ በኋላ ተከፋፍሎ ይጀመራል። ምስሩ ይቀቀላል፣ ሽንኩርቱ ይከተፋል፤ ትልልቆቹ ልጆች ሳምቡሳውን ጠቅልለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገባሉ። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ሊጡንና ሙላቱን ለየብቻ አድርጎ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያጥፋል። አባትም "እኔ አልችልም" ማለቱን ይተው፤ ሳምቡሳ ማጠፍ ወረቀት ከማጠፍ አይከብድም።

የቅዳሜው ኢፍጣር ቤት ውስጥ ቀለል ብሎ ይሁን። ቴምር፣ ውሃ፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳና አንድ ወጥ ይበቃል። የእሑዱ ውጭ ይሆናል። ሁለቱንም ቀን ውጭ ማፍጠር ኪስንም ሆድንም ይጎዳል።

በአንድ ቦርሳ የሚያዙ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ሁለት ቀለል ያሉ የመስገጃ ምንጣፎች፣ ለውዱእ የሚሆን ውሃ፣ ለሕፃናቱ ምግብ፣ ትንሽ ፎጣ፣ እና በጥቅል ወረቀት የተጠቀለለ ቴምር። ይህች የመጨረሻዋ በምንም ምክንያት አትረሳ። የአዲስ አበባ የመንገድ መጨናነቅ መቼ እንደሚይዘን አይታወቅም፤ ታክሲ ውስጥ አዛን ከተባለ ግን ለራስ ብቻ ሳይሆን ለሾፌሩና ለረዳቱም የሚዘረጋ ቴምር ይኖረናል።

ቅዳሜ ጠዋት፦ መርካቶ እንደ ሙዚየም

ከ18 ማዞሪያ መርካቶ ቅርብ ነው። አብዛኞቻችን በወር ብዙ ጊዜ እንሄዳለን፤ ግን ገዝተን ለመመለስ እንጂ አይተን ለመመለስ ሄደን አናውቅም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ብንደርስ ፀሐዩ አልበረታም፣ ግፊያውም አልከፋም። ቅዳሜ የመርካቶ ዋና ቀን መሆኑን ግን ማሰብ ያስፈልጋል። ከ5 ሰዓት በኋላ ሕፃን ይዞ መንቀሳቀስ ይከብዳል።

ለልጆች መንገር ያለብን የመጀመሪያው ነገር መርካቶ ሁልጊዜ እዚህ እንዳልነበረ ነው። የከተማዋ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ፋሺስቶቹ ፒያሳን ለራሳቸው ሰዎች ለይተው የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት። መርካቶ የሚለው ስምም ከዚያው ቋንቋ የቀረ ነው። ለመለያየት የታሰበው ቦታ ግን የመላ አገሪቱ መገናኛ ሆነ። የስልጤው፣ የጉራጌው፣ የወርጂው፣ የሐረሪው፣ የዶርዜው፣ የኦሮሞውና የአማራው ነጋዴ ጎን ለጎን ሱቅ ከፍቶ ልጆቹን አሳደገበት።

ሁሉንም ተራ በአንድ ቀን ማዳረስ አይቻልም፤ ሦስት ይበቃናል። መጀመሪያ ምን አለሽ ተራ። እዚህ የሚጣል ነገር የለም። አሮጌ በርሜል ተቆርጦ የከሰል ምድጃ፣ የዘይት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ማንቆርቆሪያና ማጥለያ ይሆናል። ልጆች መዶሻውን ሲሰሙ ቆመው ይዩ። ባለሙያውን ሰላም ብሎ፣ አስፈቅዶ መጠየቅም ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ቅመምና በርበሬ የሚሸጥበት። ጾመኛ ሆኖ በኮረሪማ፣ በጥቁር አዝሙድና በቅርንፉድ ሽታ መካከል ማለፍ ራሱ ፈተና ነው። ግን ልጅ ሁሉ የሚወደው ጨዋታ ነው፤ ዓይን ጨፍኖ በሽታ ብቻ መለየት። ሦስተኛው ሸማ ተራ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ የተነሣው ትልቅ እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት እንዳወደመ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ከእኛው ሰፈር ሱቅ የነበራቸው ጎረቤቶችም ነበሩ። ስናልፍ ለእነሱ ዱዓ ማድረግ አይከብደንም። የዒድ ልብስ የምንገዛ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያለ ጉዳት ከደረሰበት ነጋዴ መግዛት ትርጉም አለው።

ቴምር መግዛት የሚፈልግ ካለ እንዲህ ያድርግ። ካርቶኑን አስከፍቶ ከታች ያለውን ፍሬ ያይ፤ ከላይ ያለው ሁልጊዜ ያማረ ነው። የማብቂያ ቀኑን ያንብብ። የተጣበቀና የሚሸት ከሆነ ይለፈው። ከሳዑዲና ከሌሎች አገሮች የሚመጣው እንዳለ ሆኖ በአገራችን በአፋርም ቴምር እንደሚበቅል ለልጆች ማንሣት ጥሩ ነው።

ስለ ጥንቃቄም አንድ ቃል። ስልክ በኋላ ኪስ አይቀመጥም። ሕፃናት ተያይዘው ይሄዳሉ። ከመግባታችን በፊት "ብንጠፋፋ እዚህ እንገናኝ" ብለን አንድ ቦታ እንወስናለን። ለዚህ ታላቁ አንዋር መስጊድ ይመቻል፤ ሚናራው ከሩቅ ይታያል፣ የትኛውም ነጋዴ ያመለክታል።

ዙህርንም እዚያው በጀማዓ እንሰግዳለን። የሴቶች መስገጃ የት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እናትና ሴት ልጆች በር ላይ ቆመው የሚጠብቁበት ሽርሽር ሽርሽር አይደለም። ከሶላት በኋላ ልጆችን ወጣ አድርጎ አንድ ነገር ማሳየት ይገባል። ከአንዋር መስጊድ ጥቂት እርምጃ ላይ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። አዛኑና ቅዳሴው አንድ ሰማይ ሥር ይሰማሉ። ይህን በመጽሐፍ ከሚያነቡት በዓይናቸው ቢያዩት ይበልጥ ይገባቸዋል።

ከ8 ሰዓት በፊት ወደ ቤት መመለስ ነው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ። በረመዳን የቀን ሸለብታ የሽርሽሩ አንዱ ክፍል እንጂ ስንፍና አይደለም።

ቅዳሜ ከዐስር በኋላ፦ የኮልፌ ታሪክ በእግር

ዐስር ተሰግዶ መግሪብ እስኪደርስ ያለችው ሰዓት ረዥም ናት። ልጆች የሚነጫነጩት፣ ትልልቆቹም የሚቆጡት በዚህች ሰዓት ነው። ስለዚህ በሰፈራችን በእግር ወጣ እንላለን።

ኮልፌ በዓለም ታሪክ የተጻፈ ስም መሆኑን ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናል? ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው የውትድርና ሥልጠና የወሰዱት በዚሁ በኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ነው። ሥልጠናውን ያመቻቹላቸው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ማንዴላ በግለ ታሪካቸው ኮልፌን በስም ጠርተው ተኩስ የተለማመዱበትን፣ በድካም የተጓዙበትን ጊዜ ጽፈዋል። ስድስት ወር ይፈጃል ተብሎ የታሰበው ሥልጠና ድርጅታቸው በአስቸኳይ ስለጠራቸው በሳምንታት ውስጥ ተቋረጠ። ሲሰናበቱ ኮሎኔሉ ሽጉጥ ከነጥይቱ በስጦታ ሰጥተዋቸዋል። አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ፤ ከዚያ ሃያ ሰባት ዓመት እስር ተከተለ። ያ ሽጉጥ ጆሃንስበርግ አጠገብ ሊሊስሊፍ በሚባል እርሻ ውስጥ እንደተቀበረ ይታመናል፤ ብዙ ተፈልጎ አልተገኘም።

የጸጥታ ተቋም ግቢ ፎቶ የሚነሣበት፣ ዝም ተብሎ የሚገባበትም አይደለም። ታሪኩን ግን በመንገድ እየሄዱ መንገር ይቻላል። "እናንተ ኳስ የምትጫወቱበት ሰፈር ማንዴላ የሮጡበት ሰፈር ነው" ሲባል የልጅ ዓይን እንዴት እንደሚበራ ያኔ ይታያል።

የቀብር ዚያራ ማድረግ የሚፈልግ ቤተሰብ ደግሞ የኮልፌ ሙስሊም መካነ መቃብር ቅርብ ነው። ብዙዎቻችን አያት ቅድመ አያቶቻችን ያረፉት እዚያ ነው። ሰላምታና ዱዓ አድርጎ፣ "ይህች የእማማ እናት ናት" ብሎ ለልጅ ማሳየት አጭር ነገር ነው፤ ግን ስሟን የሚያውቅ አንድ ሰው ይጨመራል።

ስንመለስ መንገድ ዳር ሳምቡሳና ሙሽበክ የሚጠብሱት እናቶች ሥራ ላይ ናቸው። ዘይቱ የጠቆረና የሚጨስ ከሆነ አልፎ ወደሚቀጥለው መሄድ ይሻላል። ከእነሱ ጥቂት ገዝቶ መግባት ግን የቤቱን ድካም ይቀንሳል፤ እነሱም በጊዜ ሸጠው ለራሳቸው ኢፍጣር ይደርሳሉ።

እሑድ፦ ፒያሳና ዐድዋ

እሑድ ጠዋት ዕረፍት ነው። ከሱሑርና ከፈጅር ሶላት በኋላ ይተኛል፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ዙህር ቤት ተሰግዶ ይወጣል።

በዚህ ቀን አያትና ቅድመ አያት ያላቸው ቤተሰቦች ይዘዋቸው ይውጡ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰውባት፣ መንገዷም ተቀይሯል። ቆመው የቀሩትና የፈረሱት መካከል "እዚህ እኮ እንዲህ ነበር" ብለው የሚናገሩ ሰዎች አሁን አሉ፤ ነገ ላይኖሩ ይችላሉ። ልጅ ስልኩን ለዚህ ይጠቀምበት፤ አያቱ የሚሉትን ይቅረጽ። ከዚህ ሽርሽር ወደ ቤት ከሚገባው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ቅጂ ሊሆን ይችላል።

ዋናው መድረሻችን በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ነው። የመግቢያ ሰዓቱንና ክፍያውን ባለፈው ቀን ደውሎ ማጣራት ነው፤ ሰልፉም ሊረዝም ይችላል። ጾመኛ አያት ቆሞ እንዳይደክም አንድ ሰው ቀድሞ ይሰለፍ።

እዚህ ላይ ለረመዳን ገጽ አንባቢ የሚገባ አንድ ነገር አለ። የዐድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ይህን ቀን ወደ ሒጅራ አቆጣጠር ስንመልሰው የ1313 ረመዳን አጋማሽ ላይ ይውላል። በዚያው ጊዜ ክርስቲያን ወገኖቻችን ዐቢይ ጾም ውስጥ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ከጦርነቱ አንድ ወር ያህል ዘግይቶ ነው። ማለትም ከየአቅጣጫው የተመመው ሠራዊት ተራራው ሥር ሲሰፍር ሁለቱም ጾሞች ገብተው ነበር። መንገደኛና ተዋጊ የማፍጠር ፈቃድ ስላለው ማን ጾመ፣ ማን አልጾመ ብለን አንናገርም። ግን ልጆች ጦርና ጎራዴውን ሲያዩ "ያ ወር ይህ ወር ነበር" ብሎ መንገር ታሪኩን ከመስታወት ውስጥ አውጥቶ ማዕዳችን ላይ ያስቀምጠዋል።

የእኛም ዘመን ይህን መገናኘት ደግሞ አይቶታል። መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ጀምረዋል። በ18 ማዞሪያ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች፣ አንዱ መግሪብን፣ ሌላው የቅዳሴ መውጫን እየጠበቁ ጾመው ውለዋል። የጾም በያይነቱ የተላከልን፣ እኛም ቴምር የላክንበት ወር ነበር።

ከሙዚየሙ ወጥቶ የምኒልክን ሐውልት ማየት፣ ከዚያም ዐስርን ፒያሳ አካባቢ በሚገኘው ኑር መስጊድ፣ ብዙዎቻችን በኒን ብለን በምንጠራው፣ መስገድ ይቻላል። ከሶላት በኋላ መስጊድ ውስጥ ጥቂት ቁርኣን መቅራት ለጾመኛ እግር ዕረፍት፣ ለልብም ስንቅ ነው።

ኢፍጣር የት?

እሑድ ማታ እናት አታበስልም፤ ይህን አንርሳ።

የምግብ ቤት ስም አንጠራም፤ ምክንያቱም በአንድ ሳምንት ጥሩ የነበረው በሌላው ሳምንት ሊሞላና ሊበላሽ ይችላል። የምንነግራችሁ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ነው። ቅዳሜ ደውላችሁ አምስት ነገር ጠይቁ፦ ሥጋው ሐላል ነው? የመስገጃ ቦታ፣ ለሴቶችም ጭምር፣ አላችሁ? ለቤተሰብ የተለየ ክፍል አለ? ለመግሪብ ጠረጴዛ ትይዛላችሁ? የኢፍጣሩ ዋጋ በሰው ነው ወይስ በሳህን? አምስተኛው በተለይ አይዘለል። ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው የሚከፈልበት ቤት ብዙ ነው፤ ሒሳቡ ሲመጣ ነው የሚታወቀው።

ምርጫው ሰፊ ነው። ባለፉት ዓመታት በከተማችን የየመን ምግብ ቤቶች በዝተዋል፤ በትልቅ ትሪ የሚቀርበው ማንዲ፣ ሩዙ ከሥጋው ጋር ሆኖ ለብዙ ሰው ስለሚበቃ ለቤተሰብ ይመቻል። የሐረር ሰዎች የከፈቱት ቤት ካገኛችሁ ሾርባቸውንና ሐላዋቸውን አትለፉ። የአገር ቤት ምግብ የሚል ደግሞ የስልጤ አተካና አለለት፤ በቡላና በቅቤ የሚሠራ፣ ትንሽ ተበልቶ ብዙ የሚያጠግብ። ክትፎ በቆጮ የሚመርጥም አይጠፋም። ለባዶ ሆድ ግን ቅቤና ጥሬ ሥጋ መጀመሪያ አይሆንም። ውሃና ቴምር፣ ከዚያ መግሪብ ሶላት፣ ከዚያ ሾርባ፣ ከዚያ ዋናው ምግብ ቢሆን ሆድ አይነፋም፤ ተራዊሕም ላይ እንቅልፍ አይጥልም።

የመጠጡም ነገር እንዲሁ። ለስላሳ ጠርሙስ ከመደርደር የአብሽ፣ የተልባ ወይም የብርቱካን ጭማቂ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ሰዓት። ከመግሪብ በፊት ያለችው አንድ ሰዓት በመርካቶ፣ በአውቶብስ ተራና ወደ ኮልፌ በሚወስደው መንገድ የከፋ ጭንቅንቅ የሚታይባት ናት። ሁሉም ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ ታክሲ ይጠፋል፤ ሾፌሩም ጾመኛ ነው። ስለዚህ ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ምግብ ቤቱ ደርሶ መቀመጥ፣ የቀረውን ጊዜ በዱዓ ማሳለፍ ነው። ከመግሪብ በኋላ መንገዱ ባዶ ይሆናል። ዒሻና ተራዊሕን በሰፈራችን መስጊድ ለመድረስ ጊዜ ይኖረናል።

ምግብ ከተረፈ አስቋጥሩት። በምግብ ቤት በር ላይ ወይም በመንገድ የሚጠብቅ ጾመኛ አይጠፋም። ጾመኛን ያስፈጠረ የጾመኛውን ያህል ምንዳ አለው ተብለን የለ?

ኪስ እንዳይደነግጥ

የሽርሽር ወጪ የሚያስፈራው ሳይታወቅ ስለሚወጣ ነው። ገንዘቡን በአራት ፖስታ ከፍሎ መያዝ ይረዳል፦ መጓጓዣ፣ መግቢያ፣ ኢፍጣር፣ ሰደቃ። አንዱ ካለቀ ከሌላው አይወሰድም። የሰደቃው ፖስታ ለልጆች ይሰጥ፤ ለማን እንደሚሰጡ እነሱ ይወስኑ። የዘካቱል ፊጥር ገንዘብ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ለሽርሽር ተብሎ አይነካም።

አቅም የጠበበበት ቤተሰብ እሑድ ማታ ምግብ ቤት መግባት ግድ የለበትም። ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቶች ተነጋግረው፣ አንዱ ሾርባ፣ አንዱ ሳምቡሳ፣ አንዱ ወጥ ይዞ በአንድ ግቢ ቢያፈጥሩ እያንዳንዷ እናት አንድ ነገር ብቻ ሠርታ ትቀመጣለች። የጎዳና ኢፍጣርን በትልቁ አይተነዋል፤ በትንሹ በግቢያችን ማድረግ የሚከለክለን የለም። ዕቃ ማጠቡን ወንዶቹ ከያዙት ደግሞ ምሽቱ ሙሉ ይሆናል።

ለሸዋል የሚቀመጥ ሐሳብ

ቀን በቀን እየበሉ የሚደረገው ሽርሽር ከዒድ በኋላ ይቆየን። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለልጆች ሩጫ ይመቻል። ለእኛ ደግሞ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ቅርብ ነው፤ ከ700 ሔክታር በላይ የሚሰፋ፣ የአገር በቀል ዛፎች ያሉበት ጫካ ነው። ምግብ ቋጥሮ መሄድ ይቻላል።

ከዚያም የሚርቅ ልብ ያለው ሐረርን ያስብ። የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ተከትሎ ሐረሪዎች የሚያከብሩት የሸዋል ዒድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የጁገል ግንብ ራሱ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ በውስጡ 82 መስጊዶች አሉ። ግን መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ሰሞን ማረፊያ ይጠባል፤ የመንገዱንም ሁኔታ አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ዘንድሮ ባይሆን ከአሁኑ በየወሩ ትንሽ እያስቀመጡ ለሚመጣው ማቀድ ነው።

ለአሁኑ ግን ሩቅ መሄድ ሳያስፈልገን የምናየው አለን። ሐሙስ ማታ ከተራዊሕ ስትመለሱ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ሥራውን ተከፋፈሉ። ማን ያጥፋል፣ ማን ይደውላል፣ ማን ቴምሯን ይይዛል በሉ። ከሁሉ በፊት ግን እናትን "አንቺስ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?" ብላችሁ ጠይቋት። ብዙ ቤት ይህ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። የምትመርጠው እኛ ካልነው ሁሉ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነም የእሷ ይቅደም። ረመዳን ሙባረክ።